ቀይና ጥቁር ሽቦ

ዊኒፔግ፣ ጥር ወር፣ ከጎሚስታው በታች፣ ምድር ቤቱ ውስጥ፣
ማሞቂያው ያንኮራፋል፤ እኛ ደግሞ ስንለማመጥ።
ይትባረክ ድራሙ፣ ናርዶስ ኪቦርዱ፣
ሁሉም ድምፅ አላቸው፤ የእኔ ብቻ ጉዱ።
ጣቴ እስኪላጥ ድረስ ክሩን ብመታ፣
ከመድረክ ሳይወርድ ይቀራል ኖታ።

ሰርግ ጨርሰን ዕቃ ስንሰበስብ አንዱ ይመጣል፦
«አንተ ደግሞ ምንድን ነው የምትጫወተው?»
ቤዝ፣ እላለሁ።
«እ» ብሎ ኮቱን ይደርባል።
ቤዝ እንዲህ ነው፤ ሲኖር ማንም አያውቀውም፣
ሲጎድል ግን ጭፈራው ወገቡን ያመዋል።

የሁለት ወር ትርፍ ሰዓት፣ ከአውቶቡስ እጥበት፣
ሁለተኛ ስፒከር ገዛሁበት።
ፍሪጅ ያህላል፤ ከመኪና ሲወርድ ሦስት ሰው አስምጧል።
ከአሮጌው ጎን አቆምኩት፣ ሰካሁት፣ አበራሁት።
ወይ ጉድ!
አንዱ ብቻውን ሳለ የነበረችው ጉርምርምታ
እሷም የለችም።
ማዞሪያውን እስከ መጨረሻ ጠመዘዝኩት፦ ጭቃ።
ይትባረክ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሳቀ፦
«ሁለት በሬ ጠምደህ፣ አንዱን ወደ ፊት አንዱን ወደ ኋላ፣
ምን ልታርስ ነው?»
ቀልዱን ነው። መልሱን እንደተናገረ አላወቀም።

ሰልከርክ ጎዳና ላይ ቦህዳን የሚባል ሬዲዮ ጠጋኝ አለ፣
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን የሚፈልግ።
የዘጠኝ ቮልት ባትሪ ከኪሱ አወጣ።
የአሮጌውን ሽቦ ነካ ሲያደርግ ስፒከሩ ደረቱን ነፋ፤
የአዲሱን ነካ ሲያደርግ ወደ ውስጥ ሳበ።
«አየህ? አንዱ ሲገፋ አንዱ ይጎትታል።
አየሩ መሐል ላይ ይታረቃል፣ ላንተ የሚተርፍ የለም።»
ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፣ ጥቁሩን በቀዩ።
አሥራ አምስት ዶላር። ደረሰኝ የለም።
ምክሩን በሩ ላይ ጨመረልኝ፣ ብርዱ እየገባበት፦
«ቤዙን ቀንስ፣ መሐለኛውን ድምፅ ጨምር፤
ሰው የሚለይህ በመሐለኛው ነው።
ሳጥኖቹን ከምንጣፍ አውርድ፣ ጥግ አስይዛቸው፣
ግድግዳ በነጻ ያግዛል።
ደግሞ ስምንት ኦምና ስምንት ኦም ጎን ለጎን አራት ነው፤
ሦስተኛ ገዝተህ ማሽንህን እንዳታቃጥል።»
ስምንትና ስምንት አራት የሚሆንበትን ሒሳብ
ለባለቤቴ አላስረዳኋትም።

ዓርብ ማታ። ወፍራሙን ክር፣ ባዶውን፣
አንድ ጊዜ ብቻ በአውራ ጣቴ ነካሁት።
መጀመሪያ ወለሉ ሰማ።
ከዚያ ጉልበቴ።
ከዚያ የናርዶስ ሻይ፣ ኪቦርዱ ጫፍ ላይ፣
ቀለበት ቀለበት ሠራ።
ላይ ቤት፣ ሚስማር ላይ የተሰቀሉት ቸርኬዎች
ተራ በተራ መለሱልኝ።

ሞላ፣ ቤቱ ሞላ፣ ግድግዳው ተነፋ፣
ያ ማሞቂያ እንኳን ማንኮራፋቱ ጠፋ፤
ሁለቱ ሳጥኖች በአንድ ልብ ሲገፉ
ደረቴን አንኳኩተው ከውስጤ አረፉ።
ከሁለት ዓመት በኋላ ራሴን ሰማሁት፣
የእኔ ነው? የእኔ ነው! እያልኩ ደጋገምኩት።

ሁለተኛው ዘፈን እኩሌታ ላይ ናርዶስ እጇን አነሳች።
ይትባረክ ቆመ።
«እዚያ፣ አዝማቹ ከመግባቱ በፊት፣ ምንድን ነው የምትመታው?»
መታሁላት።
ዝም።
«ሁልጊዜ ይቺን ነው የምትመታው?»
ሁልጊዜ። አሥራ ዘጠኝ ሰርግ፣ አራት ክርስትና፣
የአቶ ደምመላሽ ስድሳኛ ዓመት ልደት።
ናርዶስ ሻይዋን አነሳች፣ ሳትጠጣ መልሳ አስቀመጠችው።
ይትባረክ ሽቦዎቹን በዓይኑ ተከተላቸው፣ ከማሽኑ እስከ ሳጥኑ፣
«መልሰህ አዙራቸው» አለ።

አላዞርኳቸውም።
ጣቴን አንድ ፍሬት ዝቅ አደረግሁ፤
ከመጀመሪያው ጀመርን።